ቀድሞ የሚጠራው ቤት

እዚህ አሶሳ፣ ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ ለጎልማሶች በተከፈተው ክፍል ከጓደኛዬ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጠርን። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ፣ ሁለት ልጅ የወለድኩ ሴት ነበርኩ፤ እርሷ የዚሁ አገር፣ የበርታ ልጅ። በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም፤ እኔን "አንተ" ትለኛለች። የሰው ስህተት የማላልፈው እኔ ይህን አንድም ቀን አላረምኩባትም።

ካረጀን በኋላ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትን። ከየወረዳው በሽተኛ ይዞ አሶሳ ለሚመጣ ሰው የትኛው መድኃኒት የት እንደሚገኝ፣ አስታማሚ የት እንደሚያድር የምንናገርበት ነው። ማንም አይከፍለንም። እኔ በእግሬ ሄጄ ያላየሁትን አልጽፍም፤ አንሶላውን ገልጬ፣ ሽንት ቤቱን ከፍቼ አያለሁ። ለማንም እንዳላዳላ ማደሪያዎቹን በሀ ሁ ተራ እደረድራለሁ። እርሷ ዝርዝሩን በበርታ ቋንቋ በድምፅ ትለቀዋለች። ገበያ ውስጥ አንድ ስልክ ከበው ሲያዳምጧት አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር ቋንቋዋ ከሰላምታ አላለፈልኝም።

አንድ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ከኩርሙክ በኩል የመጣች እናት ዕቃዋን ጠቅልላ አገኘኋት። ትንሽ አማርኛ ትሰማለች። የልጇ እግር በፋሻ ታስሯል። ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ ነበረበት፤ ሐኪሙም ገና አላሰናበታትም።

"ወዴት ነው?"

"አገር። አልጋው ውድ ነው፤ ጨረሰን።"

"በነጻ የሚያሳድረው ግቢ እኮ እዚሁ ከጀርባ ነው።"

"እኛ ምን እናውቃለን? ስልኩ 'መናኸሪያ ጋ ሂዱ' አለ፤ ሄድን።"

ነጻው ግቢ በእኔ ዝርዝር ሁለተኛ ነው፤ የመናኸሪያው አልጋ ቤት ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አንዱ። እጇን ይዤ ላሳያት ፈለግሁ። "ነገ ደግሞ ሌላ ትላላችሁ" ብላ ልጇን አዝላ ሄደች።

ከዚያ በቀጥታ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ባሚያ እየከተፈች ነበር።

"የአልጋ ቤቱ ሰውዬ ኮሚሽን ይሰጥሻል?"

ቢላዋውን አላቆመችም። "ይሰጣል።"

"ለዚያ ነው ቀድመሽ የምትጠሪው?"

"አንዱ መቅደም አለበት። አንተስ አንዱን ታስቀድም የለ?"

"እኔ በፊደል ተራ ነው።"

"ፊደል ለሚያነብ ነው። የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ይሄን አልነገረህም?"

"እንደሚከፈልሽ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ከነገርኩማ ማን ይሄዳል?"

ካለችው በኋላ ራሷም የሰማችው መሰለኝ። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ውሸት አልተናገርኩም" አለች። "አልጋው ንጹሕ ነው፤ አንተ ራስህ አይተህ ጻፍክ። በየሳምንቱ ስልክህ ላይ የምሞላው ኢንተርኔት ከየት መሰለህ? ጡረታ ያለህ አንተ። አንድ ቀን ጠየቅህ?"

አልጠየቅኳትም። የሰው ሽንት ቤት ከፍቼ የማይ ሴት፣ ምንም የሌላት ጓደኛዬ ከየት አምጥታ እንደምትሰጠኝ አንድም ቀን አላሰብኩም። ቻናሉን የከፈትኩትም የጻፍኩትም በዚያው እርሷ በሞላችልኝ ኢንተርኔት ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ፦ "ከአንድ አልጋ ቤት ኮሚሽን ስንቀበል ነበር። ቀድመን የምንጠራው ስለዚያ ነው። በነጻ የሚያሳድር ግቢ አለ። ይቅር በሉን።" አንብቢው ብዬ ሰጠኋት። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም" አለች። "ይሄን ግን ተወው። አክስቶቼ ይሰማሉ፤ አገሩ ሁሉ ድምፄን ያውቃል።"

"የሄደችውስ?"

"ሄደች። ምን ላድርግ?"

ልተወው እችል ነበር። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ብተወው ኖሮ ዛሬም ቤቷ እገባ ነበር። በአማርኛ ለቀቅሁት። እርሷ በዚያው ቀን ከቻናሉ ወጣች።

ማንበብ የሚችሉት አመሰገኑኝ፤ ሐቀኛ ነሽ አሉኝ። እነርሱ ግን ድሮውንም መናኸሪያው ጋ አልሄዱም። በበርታ ቋንቋ እንዲያነቡልኝ ሁለት ሰዎች ለመንኩ፤ የእርሷን ጥፋት በእኛ አፍ አናወራም ብለው መለሱኝ። ባላወራው እኔም ደስ ባለኝ።

መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ታዞራለች። ቻናሉ ላይ ዛሬም ከየወረዳው በበርታ ቋንቋ የድምፅ መልእክት ይገባል። እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ከድምፁ ጀርባ ሕፃን ያለቅሳል። ምን እንደሚጠይቁኝ ግን አላውቅም።