ዳማው ከመንጋው የተለየበት ዓመት

ከጉና ግርጌ ወዳለው ቤት በሙሽርነት የገባሁት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሰባተኛ ክፍልን አቋርጬ ነበር። ወላጆቼ የሚኖሩት ጋፋት አጠገብ ነው፤ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከመልስ በኋላ ግን አማቴ ወደዚያ እንድሄድ አልፈቀዱልኝም። «እናትሽን ባየሽ ቁጥር ልብሽ እዚያው ይቀራል» አሉኝ። ባሌ አባቱ ሲናገሩ መሬት መሬት ያያል።

አማቴ ፈረስ ያረባሉ። ያን ዓመት ለኮርቻ የደረሰ አንድ ዳማ ነበራቸው፤ እግሩ ቀጭን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ከመንጋው ሊነጥሉት በሞከሩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ወደ እናቱ ዞሮ ያሽካካል። አፉ እስኪደማ ከልጓሙ ጋር ይታገላል። አማቴ ከቤቱ ጀርባ፣ መንጋውን በማያይበት ድምፁን ግን በሚሰማበት ገደል ሥር ችካል ተክለው አሰሩት። በተጣራ ቁጥር አፍንጫውን በአለንጋ ይመቱታል። ውሃ የሚሰጡት ዝም ሲል ብቻ ነው። እናቱ ባዝራይቱ ከላይ ሆና ስትመልስለት እንደገና ይጣራል፤ እንደገና ይመታል።

አንድ ጠዋት ገለባ ይዤለት ስወርድ አማቴ አለንጋቸውን እየጠቀለሉ ሲወጡ ተገናኘን።

«አንቺም ስትመጪ እንዲሁ ነበርሽ» አሉኝ እየሳቁ። «ዝም በይ ስትባይ ተውሽው።»

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ «አባባ፣ ፈረሱን ለእኔ ይተዉልኝ። እኔ አለምደዋለሁ» አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። «ይሁን። ይህ ፈረስ ሳያለቅስ ከታች ያለውን ወንዝ የተሻገረ ቀን አንቺም እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

ከችካሉ ፈትቼ መጀመሪያ ወደ እናቱ መለስኩት። ከጎኗ አቁሜ ገብስ አበላሁት። ከዚያ ከመንጋው ትንሽ ራቅ አደርገውና መንቀጥቀጥ ሳይጀምር እመልሰዋለሁ። ጆሮው ወደ ኋላ ሲዞር ቆሜ አንገቱን እያሻሸሁ እጠብቃለሁ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሣር መንጨት ሲጀምር ጥቂት እንጨምራለን። እንዲህ እንዲህ እያልን ጉብታው ጋ ደረስን። ጉብታውን አልፈን መንጋው ሲሰወርበት ግን በትከሻው ገፍትሮኝ ሮጠ፤ ገመዱ መዳፌን ላጠው። አማቴ ካጥሩ ሥር ቆመው ሲስቁ ይሰማኛል። በማግስቱ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ከእናቱ ጎን ጀመርን።

የገብስ አጨዳ ሲደርስ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ ቆሞ ሲግጥ ባዝራይቱ ተጣራች። ጆሮውን አቆመ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ መጋጡን ቀጠለ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እራት ላይ ለአማቴ ነገርኳቸው።

«አይቻለሁ» አሉ።

«እንግዲያ እናቴ ጋ...»

«ፈረሱ እናቱን ሲተው አንቺ አልተውሽም? ከከብት አነስሽ?»

ባሌ መጉረሱን አላቋረጠም።

በማግስቱ ፈረሶቹን ላጠጣ ብዬ ወጣሁና ዳማውን እየሳብኩ መንገድ ገባሁ። ለምን እሱን ይዤ እንደሄድኩ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ይሆናል። ጋፋት እስክንደርስ አንዴም አልተጣራም።

እናቴ አቅፋኝ ቆየች፤ መዳፌን ገልጣ አየችና ውሃ አቀረበችልኝ። አባቴ ከአውድማ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ፈረሱን ነው።

«የማን ነው?»

«የአማቴ።»

«ፈቅደውልሽ ነው?»

የፈረሱን አንገት አሻሸሁ።

«ትደርና ትሂድ፣ ደክሟታል» አለች እናቴ።

«የሰው ፈረስ ደጄ ላይ አሳድሬ ሌባ ልባል?»

የቀረበልኝን ውሃ ሳልጨርስ አስነሳኝ። ገመዱን ራሱ ያዘ። ወደ ጉና ስንቃረብ ዳማው የመንጋውን ድምፅ ሰማና እያሽካካ ይጎትተው ጀመር። «ቤቱን ያውቃል» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

አማቴ ደጅ ላይ ጠበቁን። አለንጋውን ስጠብቅ እሳቸው ፈረሱን ዞረው እግሩን ዳሰሱት። «ጋፋት ደርሶ መልስ! እንግዲህ ለገበያ ደረሰ» አሉና አባቴን እጁን ይዘው አስገቡት። ጠላ ቀረበ።

«ሙሽሪት፣ ያባትሽን እግር እጠቢ» አሉኝ።

አጠብኩ። አባቴ ከአማቴ ጋር ስለ አዝመራው ያወራ ነበር፤ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ አላየም።

ቅዳሜ አማቴ ዳማውን ደብረ ታቦር ወስደው ለጋሪ ነጂ ሸጡት። ጠዋት ሲወጣ ባዝራይቱ እየተጣራች እስከ አጥሩ ሮጠች። እሱ አልዞረም፤ ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጨ ሄደ። አለንጋ የሚያስነሳ ነገር አልነበረም።

በዓመቱ ልጅ ስወልድ አማቴ «አሁን እናትሽ ጋ መሄድ ትችያለሽ» አሉኝ። አልቸኮልኩም፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ቆይቼ ሄድኩ።