ጫማ የሚያሞቀው አስማተኛ

ሊፍት ጠጋኙን ሊፍቱ እስኪቆም ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ሲቆም ግን ጉድ ይፈላል! “የት ጠፍተህ ነው?” ብለው ያፋጥጡታል፤ ሠርቶ ሲጨርስ በሩ ፊቱ ላይ ይዘጋና ሽቅብ ይወጣሉ። አመስጋኝ የሚባል የለም። እሱ ግን አይቀየምም፤ ቅዳሜ አለችለታ!

ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና መስታወቱ ፊት ጠረጴዛ ይዘረጋል። እሱ፣ ሊፍት ጠጋኙና የሊፍት ጠጋኙ ታላቅ እህት ሆነው የጀብዱ ጨዋታ ይጫወታሉ። ታሪኩን የምትመራው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታቸው ናት። “ዋሻ ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ትላለች፤ ያሰቡትን ይናገራሉ፤ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይጣልና መሳካት አለመሳካቱ ይታያል። ፀጉር አስተካካዩ ባለጎራዴ ነው፣ እህቲቱ ቁስል ፈዋሽ፣ ሊፍት ጠጋኙ አስማተኛ።

በጨዋታው ሕግ አስማተኛ ጧት ሲነሳ ጥቂት ድግምት መርጦ ይይዛል። አንዱን ከተጠቀመበት አለቀ፤ ተኝቶ እስኪነሳ ሌላ የለም። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ይመርጣል መሰላችሁ? መብረቅ? እሳት? ወዴት ወዴት! የተቆለፈ በር መክፈቻ፣ መብራት፣ የእርጥብ ልብስ ማድረቂያ፣ ይባስ ብሎ ደግሞ ጫማ ማሞቂያ!

“አንተ ሰውዬ፣ እኔን ዘንዶ ሲያኝከኝ አንተ ካልሲ ታሰጣለህ?” ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

“ታዲያ በእርጥብ ካልሲ ልትዋጋ ነው?”

እውነቱን ለመናገር ፀጉር አስተካካዩም አልተሳሳተም። ባለፈው ባለጎራዴው ከሞት የተረፈው ለጥቂት ነው። ደሙ ፈልቶ ቁርጡን ነገረው፦ “ቅዳሜ ውጊያው ላይ የረባ ነገር ካልሠራህ ወንበርህን ለአክስቴ ልጅ እሰጣለሁ። እሱ እሳት ይወዳል።”

ሊፍት ጠጋኙ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። ያቺ ወንበር ከሄደች ቅዳሜም እንደ ሰኞ ልትሆንበት ነው። “እትዬ፣ ምን ይሻለኛል?” ብሎ እህቱን አማከራት።

“አንተም አበዛኸው! እሳት ያዝና ገላግለን።”

ያዘ። ሰውዬው አንዴ ከጀመረ ልክ የለውም፤ ድግምቶቹን በሙሉ፣ አንድ እንኳ ሳያስቀር፣ በእሳት ቀየራቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። የአክስት ልጅ ተብዬውም ተጠርቶ ደንበኞች ወረፋ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ከወንበሯ አይነቀልም።

“የጭራቅ ምሽግ ደረሳችሁ፤ በሩ ተቆልፏል” ብላ ጀመረች መሪዋ።

“ክፈታ” አለ ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ቀና እንኳ ሳይል።

“መክፈቻ የለኝም። እሳት ነው ያለኝ።”

“እንግዲያው አቃጥለዋ!”

በሩ ነደደ፤ ጢሱ የምሽጉን ዘበኛ ሁሉ ቀሰቀሰ። እንደ ምንም አምልጠው ሲገቡ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መብራት የለ፤ እሳት ተለቀቀና እህቲቱ የያዘችው ካርታ አብሮ ጋየ። “እኔንም ልታቃጥለኝ ነው እንዴ!” ብላ በጨዋታው ሳይሆን በገዛ ክርኗ ጎሸመችው። ቀጥሎ ምሽጉ ውስጥ የሚያልፍ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ወንዝ ተሻገሩ። የባለጎራዴው እግር ደነዘዘ።

ፀጉር አስተካካዩ ፈራ ተባ እያለ፣ “ያቺ... የጫማዋ ነገርስ?” አለ።

“በእሳት ቀየርኳት።”

“እሷንም?!”

“ተዋጋ ያልከኝ አንተ አይደለህ?”

ቢቸግረው የቀረችውን አንድ እሳት እግር ማሞቂያ አድርጎ ለኮሳት። ጭራቁ የመጣው ይሄኔ ነው።

“አስማተኛው፣ ምን ታደርጋለህ?” አለች መሪዋ።

ሊፍት ጠጋኙ ባዶ እጁን ዘረጋ። “ምንም የለኝም” አለ።

ዳይሱ ተጣለ። እግሩ ገና ያልተፍታታው ባለጎራዴ መሸሽ አቃተው፤ ጭራቁ በአንድ ምት አጋደመው። መሪዋ አንጀቷ አይችልም፤ ለሚሞት ሰው የመጨረሻ ቃል ትፈቅዳለች። ሁሉም ስድብ ጠበቀ። ሊፍት ጠጋኙማ ኮቱን አንስቶ ለመሄድ ተነስቷል።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ያ ጧት ጧት ጫማዬን የሚያሞቅልኝ፣ በር እየከፈተ እስከዛሬ ያደረሰኝ ሰውዬ...” አለ። “አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም። እግዜር ይስጥልኝ ብሏል በሉልኝ።” ይህን ብሎ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞተ።

ሊፍት ጠጋኙ ኮቱን እንደያዘ ቀረ። ደስ አለው፤ ደስ ከማለቱ የተነሳ አለቀሰ። “ተነስ በቃ፣ ምን ነካህ አንተ!” ይላል፣ ትከሻውን እየነቀነቀ።

የአክስት ልጅ ከአግዳሚው ብድግ አለ። “ታዲያ የሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማነው?”

“እሱ ነዋ!” አለ ሟቹ ቀና ሳይል። “አንተ ከቤትህ ወንበር ይዘህ ና፤ እሳት የሚለኩስልን ሰው ቸግሮናል።”