በብርሃን የሚያነብ ሳጥን

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላሊበላ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ለሙያው አንድ መበየጃና ትንሽ ድፍረት ይበቃል፤ ድፍረቱ እንኳን ተርፎኝ ነበር።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አፍንጫቸው ቆዳውን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው ነው የሚጽፉት። ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል፤ የሚኖሩት በቀኙ ነበር። ያን ጊዜ ለአሸተን ማርያም ገዳም ሊሰጡ የተሳሉትን የጸሎት መጽሐፍ ጀምረዋል። "እሱን ሳልጨርስ አልሞትም" ይሉ ነበር።

የእህቴ ባል አሰብ መርከብ ላይ ይሠራል። ለፋሲካ ሲመጣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሲዲ ማጫወቻ ይዞ መጣ። በአገሩ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን ዘፈነና በሦስተኛው ዝም ሲል ወደ እኔ አመጣው። "እንግዲህ ካልገደልከው ታድነዋለህ" ብሎ ቀለደብኝ።

ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። በተማሪ እንግሊዝኛዬ አነበብኩት፤ ክዳኑ ሲከፈት የማይታይ ጨረር ይወጣል፣ ወደ ጨረሩ አትመልከቱ ይላል። ክዳኑ ከተነሣ ማሽኑን የምታጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያም አለችው። እኔ ብልጡ የክብሪት እንጨት ወሸቅሁባትና ተከፍቶ እንዲሠራ አደረግሁት።

አባቴ ደጃፉ ላይ ሆነው እያዩኝ ብራና ይፍቁ ነበር። ሥራቸውን ትተው መጡ።

"እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌም የለው። በምን ያነባል እኮ?"

"በብርሃን ነው አባ።"

"በብርሃን!" አሉና ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት አጎንብሰው ደህና ዓይናቸውን ብርሃኑ የሚወጣባት ትንሽ መስታወት ላይ ደቀኑ።

አይዩ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊደል ያስቆጠሩኝን አባቴን፣ ያውም በአማች ፊት፣ ምን ብዬ ልከልክል? እኛ ቤት ታላቅ ይከለክላል እንጂ አይከለከልም። ዝም አልኩ።

"ቀይ ነጥብ አየሁ" አሉ። ቀና ብለው ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ደስ ብሏቸው ደግመው አዩ።

ክረምቱ ሳይወጣ መስመሩ ይዘምባቸው ጀመር። በመስከረም ብዕሩን አስቀመጡ፤ መጽሐፉ ግማሹ ላይ ቀረ። "ዓይኔ ደከመ" ከማለት በቀር ምንም አላሉም። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ሥራ ላይ ተቀምጬ እንኳ ያ ማጎንበሳቸው ይመጣብኛል። እስከ ዛሬ ሰው አቀርቅሮ ሲያነብ ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

በኋላ ወልድያ ወስጄ ለሐኪም አሳየኋቸው። የቆየ የዓይን በሽታ ነው አለ። አፍሬም ፈርቼም ስለዚያች ብርሃን ነገርኩት፤ በእሷ የመጣ አይመስለኝም ብሎ መለሰልኝ። ከበሩ ስንወጣ እንባዬ መጣ።

"ሰሙ አባ? በእኔ አይደለም።"

በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ሰምቻለሁ ልጀ። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን አንብበህ፣ ልትከለክለኝ ቀና ብለህ አይተኸኝ ዝም ስትል አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ደህና ነበር።"