ውሃ ይከለከላል እንዴ?

ጉድጓዱ ሲቆፈር እናቴ እርጉዝ ነበረች። አትላንታ አጠገብ፣ ከስቶን ማውንቴን አለፍ ብሎ የገዛነው ቤት የከተማ ውሃ አልገባለትም፤ አሮጌው ጉድጓድ ደግሞ ገና ከመግባታችን ደረቀብን። አባቴ ቆፋሪ ጠራ። የመቆፈሪያው መኪና ባክያርዳችንን አተራምሶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ከድንጋዩ የወጣው ግራጫ ጭቃ አጥሩን፣ መኪናችንን፣ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር ቀባው። ውሃው ፊን ብሎ ሲወጣ ግን እኔም እልል አልኩ፣ አልዋሽም።

ቆፋሪው ዕቃውን ሲሰበስብ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ግን "አንቺ ስሚው" ይላል። ሰማሁት። ከታች ያለው ጠንካራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው የሚመጣው በአንዲት ስንጥቅ እየተንጠባጠበ ነው፣ ቀድታችሁ አሳርፉት አለ። ካደረቃችሁት ፓምፑ አየር እየሳበ ይቃጠላል፤ ቧንቧው እንደ ጉንፋናም ሰው መሳል ከጀመረ መጀመሪያ ብሬከሩን፣ የፓምፑን ኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ አጥፉ። አንድም ሳላስቀር ለአባቴ ነገርኩት።

"ገባኝ" አለ።

አልገባውም። ወይም ገብቶታል፣ ግን አባቴ ላይ ይሉኝታ ከሁሉም ነገር ይበረታል።

እናቴ ወለደች፣ እህት አገኘሁ። አራስ ጠያቂ መጣ። ከአባቴ ማኅበር አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሁሉም "አባባ" ነው የሚላቸው። ገንፏቸውን በልተው ውሃ ጠጡና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

"ይሄ ክሎሪን የለውም!" አሉ። "ለጠላ የጠፋን እኮ እንዲህ ያለ ውሃ ነው!"

አለቀልን። አባቴ ደረቱ ሰፋ። "ይውሰዱ እንጂ አባባ፣ የእርስዎም ቤት ነው" አለ፣ የውሃ ጎማውን ራሱ ዘርግቶ። በሳምንቱ ከታከር ከተማም መጡ፣ ከየትም መጡ። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ይባላል። እውነት ነው፣ ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ ነው የመጣው። በአንድ ትከሻቸው በር እየገፉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ይሏታል፣ እናቴ "ማርያም ታኑራችሁ" ብላ ሳትጨርስ ጓሮ ናቸው።

"አባ፣ ሰውዬው አሳርፉት ብሏል እኮ።"

"ውሃ ይከለከላል እንዴ? ምን ይሉኛል?"

"ጉድጓዱ ደከመ ይሉሃላ!"

"አፍሽን ዝጊ!"

እሺ፣ ዘጋሁ። ደሜ እየፈላ ዘጋሁ።

ከዚያ ያቺ እሁድ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሣራችን ላይ ፓርክ ያላደረገ የለም። ጎማው ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ይዞራል፣ ሳቅ ነው፣ ጨዋታ ነው። እናቴ ወጥ ቤት እህቴን እያጠበች ነበር፣ እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። የልጅቷ ጭንቅላት በሳሙና ነጭ ሆኗል። ቧንቧው እህ እህ ብሎ ሳለ። ግራጫ ነገር ተፋ። ቆመ።

ሮጬ ጋራዥ ገባሁና ብሬከሩን አጠፋሁት። በጓሮ በር ስወጣ አባቴ የሞተ ጎማ ይዞ መሐላቸው ቆሟል።

"ምን ሆነ?" አሉት አባባ።

አባቴ እኔን አየኝ፣ ጎማውን አየ። "መብራት ጠፍቶ ነው" አለ።

መብራት! አትላንታ፣ በጠራራ ፀሐይ! የሳሎናችን ቲቪ በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታያል፣ ኳስ እየተጫወቱ ነው!

"አሜሪካም ማጥፋት ጀመረች?" አሉ አባባ። "ግድ የለም፣ እስኪመጣ እንጠብቃለን።"

ወንበር ወጣ። ቁጭ አሉ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ሻይ አፍዪላቸው" አለኝ።

"በምን?"

ጎማውን አስቀመጠ። ከዚያ ገብቶ፣ እናቴ የምትጠጣውን የታሸገ ውሃ፣ የመጨረሻዋን ፓኬት፣ ተሸክሞ ወጣና ለእያንዳንዱ እንግዳ አደለ። ውሃችንን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች የሱቅ ውሃ እየጠጡ መብራት ይጠብቃሉ።

"ኧረ ውሃ በሉ!" አለች እናቴ ከውስጥ። እህቴ ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ ትንሰቀሰቃለች። ከፓኬቱ አንድ ልወስድ ዞርኩ። ላስቲኩ ብቻ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ነው የፈነዳሁት።

"አባባ፣ መብራት አልጠፋም! ውሃው ነው ያለቀው። ቀድታችሁ ቀድታችሁ ጨረሳችሁት። እህቴ ሳሙና ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፣ የምናስለቅቅበት ጠብታ የለንም!"

ቲቪው ላይ ጎል ገባ መሰለኝ፣ ጩኸት ተሰማ። አንዲት ሴትዮ "ውይ በሞትኩት" አለች። አንዱ ሰውዬ የሞላ ጀሪካኑን ትራንኩ ውስጥ እንዳለ ዘግቶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ አየሁት።

አባባ የያዙትን ጠርሙስ አዩ። መስኮቱን አዩ።

"እና ያ ኳስ" አሉት አባቴን፣ "በባትሪ ነው?"

አባባ ተነስተው ከመኪናቸው አንድ ሙሉ ጀሪካን አወጡ፣ "ይተዉ እኔ ልያዘው" የሚሏቸውን ሁሉ በክርናቸው እየገፉ እስከ ወጥ ቤት በር አደረሱት። ሞቅ አድርገን ልጅቷን አለቀለቅናት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ዝም እስክትል ድረስ እኔ ነኝ ያቀፍኳት።

"አሁን ሂጂና ይቅርታ በያቸው" አለች እናቴ።

"እማ! እኔ?"

"ታላቅ ሰው እንደዚያ አይባልም። ሂጂ አልኩሽ።"

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። "አዋረድሽኝ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ልጁ በሳሙና መቃጠሏ አላዋረደውም፣ የመብራቱ ውሸት አላዋረደውም፣ እኔ ነኝ ያዋረድኩት! በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

አባባ ባዶውን ጀሪካን ይዘው መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ደግፈው አነሱኝ።

"ይቅርታ አባባ" አልኳቸው። "በሚቀጥለው እሁድ ግን እንዳይመጡ።"

ከኋላዬ አባቴ "ወይ አምላኬ" ሲል ሰማሁ።

አባባ ጀሪካኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ትንሽ አሰቡ።

"ማክሰኞስ?" አሉኝ።

"ማክሰኞም።"