የኢሳ ጎፈሬ

ከአሶሳ እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ጓድ ነበርን፤ መሪው እኔ፣ ሃምሳ አለቃ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ከዳቡስ ወንዝ በላይ ያለውን ኮረብታ ይዛችሁ መንገዱን ጠብቁ። አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ሚሊሻ ጨመሩልን። ኢሳ ይባላል፤ ከአሶሳ ዙሪያ የመጣ የበርታ ልጅ ነው። ገና መኪናው ላይ ሲወጣ ጠላሁት። ምክንያቱን አልደብቃችሁም፤ ጸጉሩ ነው።

ጎፈሬው ጆሮውንና አንገቱን ሸፍኖታል። ጠዋት ጠዋት በሚዶ ያበጥረዋል፤ ሲጨርስ ሚዶውን እዚያው ጸጉሩ ውስጥ ሰክቶት ይውላል። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ራሴን ሳልላጭ ወር አልፎኝ አያውቅም። ወንድ ማለት ኮስታራ፣ ቆፍጠን ያለ፣ ለመልኩ የማይጨነቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ኢሳ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነው። ምሽግ ስንቆፍር ይዘፍናል። የእኔን አረማመድ እያስመሰለ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ ልጆቹ አካፋቸውን ጥለው ይስቃሉ። እኔ ብቅ ስል ጸጥ ይላሉ። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ጸጉሩን እንዲቆረጥ ነገርኩት። እንደ ሴት የሚሽሞነሞን ሰው ጓዴ ውስጥ አልፈልግም አልኩት። ሚሊሻን የሚመለከት የጸጉር ደንብ እንደሌለ አውቃለሁ። አልተቆጣም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጸጉር አይተኩስም፤ እኔ ነው የምተኩስ» አለኝ።

ቀጥሎም በዚያው በሰባራ አማርኛው የድሮ አርበኞች ባለጎፈሬ እንደነበሩ፣ ያኔ ወንድ የሚባለው የተላጨው ሳይሆን ያጎፈረው እንደነበር አስረዳኝ። ልጆቹ ሳቁ። የባሰ ጠላሁት።

ውሃ የሚቀዳልን እሱ ነበር። ንጋት ላይ በአቋራጭ ወንዝ ወርዶ፣ ውሃ ተሸክሞ በመንገዱ ሲመለስ ዘቡ «ማነህ?» ይለዋል። ኢሳ የይለፍ ቃሉን በመመለስ ፈንታ ይቀልዳል፤ አንድ ቀን ሚኒስትር ነኝ ይላል፣ ሌላ ቀን አማችህ ነኝ ይላል። ጎፈሬው ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል ሁሉም ስለሚያውቀው እሱን ቃል መጠየቅ ቀስ በቀስ ቀረ። ዘቦች ሲቀያየሩም «ከወንዝ የሚመጣው ጎፈሬያም የእኛ ነው፣ አሳልፈው» መባባል ልማድ ሆነ። ይህ በግንባር ትልቅ ጥፋት ነው። መሪ ሆኜ እያየሁ ዝም አልኩ። ሰውየውን ብጠላውም ውሃውን እጠጣ ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከቀርከሃው ጫካ ተኩስ ተከፈተብን። ታጣቂዎች በግራ በኩል መጡ። ተኮስን። ቀረቡ። ሁለት ሰው ወደቀብን። ሦስተኛው እግሩን ተመትቶ ከምሽጉ ውጭ ቀረ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ኢሳ ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አድርጎ ወጣ። በደረቱ እየተሳበ ደረሰና ቁስለኛውን በቀበቶው እየጎተተ አመጣው። አስር ሰዓት ላይ ታጣቂዎቹ አፈገፈጉ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጣ። ሁለቱን ሟቾችና ቁስለኛውን ጫንን። መኪናው አንድ ተተኪ ወታደር አምጥቶልን ነበር፤ እንደወረደ ታች፣ ከወንዙ በላይ ወዳለው የጥበቃ ቦታ ሰደድኩት፣ እዚያ ካለው ነባር ዘብ ጋር በተራ እንዲጠብቁ።

መኪናው ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሳቅ ሰማሁ። ኢሳ ነው። ቁስለኛው በቀበቶው ሲጎተት «ሱሪዬን! ሱሪዬን!» እያለ የጮኸውን ያስመስላል። ልጆቹ እንባቸው ሳይደርቅ ይስቃሉ። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን እህል የቀመሱት ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰዎቼ ሞተው ይሳቃል? ከመጀመሪያ እርዳታው ሳጥን መቀስ አወጣሁ። እጁን ያዙት ብዬ አዘዝኩ፤ መያዝ አላስፈለገም፣ ራሱ ቁጭ አለልኝ። ጎፈሬውን በገዛ እጄ ቆረጥኩት፤ የቀረውን በምላጭ ላጨሁት። በዙሪያችን የሚስቅ ጠፋ። ሲያልቅ ራሱን በመዳፉ ዳበሰ።

«አሁን ወንድ ሆንኩ?» አለኝ።

መቀሱን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። ታች ላሉት ዘቦች መላጨቱን መንገር ነበረብኝ፤ አላደረግኩም። ነባሩ ዘብ ደግሞ ምንም ስላላየ ለተተኪው ያንኑ የለመደውን ነግሮታል፦ ጎፈሬያሙን አሳልፈው።

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ጭጋግ ነበር። ተራው የተተኪው ነው፤ ኢሳ ከወንዝ እየተመለሰ ነው።

«ማነህ?»

«አዲሱ ወንድ ነኝ።»

የይለፍ ቃሉን ጠየቀው። ኢሳ ሳቀ። ለተተኪው የታየው የተላጨ ራስና ጠመንጃ ነው። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ሮጬ ስደርስ የኢሳ ሕይወት አልፏል። ተተኪው መሬት ላይ ተቀምጦ «ጎፈሬያም ነው አላችሁኝ እኮ» እያለ ያለቅሳል።

አስከሬኑን በዚያው ቀን መንደሩ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባቱ ከአስከሬን አጣቢዎቹ ጋር ገቡ። ሲወጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ጸጉር ማነው የቆረጠ?» አሉኝ።

«ደንብ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ወላሂ፣ ፊት እስካይ ድረስ ልጄ መሆኑ አላወቅኩም» አሉና ተመልሰው ገቡ። ማን ተኮሰ ብለው አልጠየቁኝም።

አሁን ከሠራዊቱ ወጥቼ አሶሳ እኖራለሁ። አንዳንድ ወላጅ ጸጉሩን ያሳደገ ልጁን እየጎተተ ቤቴ ይመጣል፤ ሴት መሰለብኝ፣ አንተ ወታደር ነህና ወንድነት አስተምርልኝ ይለኛል። ከበር እመልሰዋለሁ። ክፉ ሽማግሌ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ።

በዚያ ኮረብታ ላይ ሦስት ሰው ሞቶብናል። ሦስቱም በጠላት ጥይት ወደቁ ብዬ ሪፖርቱ ላይ ፈርሜያለሁ። ጠላት የገደለው ሁለቱን ነው። በሦስተኛው፣ በኢሳ ላይ ያ ተተኪ ቃታ ሳበ እንጂ የገደልኩት እኔ ነኝ።