በአስካለ ፋንታ የመለስኩት

ባለፈው ሚያዝያ ለስድስት ወጣት ሴቶች የሁለት ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ልጆቹ የሚሰማሩት ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ዳር በመጠለያ የሚኖሩ እናቶችን ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ ለመጠየቅ ነው። ጥናቱ በቅርቡ የወለዱ ሴቶችን የሰውነትና የአእምሮ ጤና አንድ ላይ የሚያይ ነው። ነርስነቱን ትቼ ቤቴ ከተቀመጥኩ ሦስተኛ ዓመቴ ቢሆንም፣ አካባቢውን ታውቂዋለሽ፣ በእንዲህ ያለ ሥራም አልፈሻል ተብዬ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስናነብ ከመጨረሻዋ ደረስን። እናትየዋ ብሞት ይሻለኛል ብላ ታውቅ እንደሆነ የምትጠይቀው ናት። ሃና የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ ይቺን ብንዘላትስ? ቤታቸው ተቃጥሎ የመጡ ሴቶችን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። መቼም አብዛኞቹ የለም ነው የሚሉት። እኛው የለም ብለን ብንሞላውስ?»

ሌሎቹ ሳቅ አሉ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እንዲያውም ከሁሉም የምትራራው እሷ ትመስለኝ ነበር። እኔ ግን ሻይ ጠጥተን እንመለስበት ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ፀሐይ ላይ ቆሜም ይበርደኝ ጀመር።

አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ የዚያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ምደባ ስጠብቅ፣ አንኮበር ወረዳ ውስጥ የወለዱ እናቶችን ለሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። በወረዳው ከተማ በጎረቤላ ለአራታችን ሴቶች አንድ ቤት ተከራዩልን። ጠዋት ጠዋት መኪናው እስከሚችለው ድረስ ያደርሰንና የቀረውን በእግራችን እንሄዳለን። ክረምት ነበር። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሲወጣ፣ ከፊቴ የምትሄደውን ጓደኛዬን የማውቃት በሳሏ ብቻ ነበር። ልብሳችን ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም፤ ጭቃው ጫማችንን ይዞ ያስቀራል። እኔ ግን ሥራውን እወደው ነበር። በየገባንበት ቤት እሳት ዳር ያስቀምጡናል፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ እጃችን ላይ ያፈሱልናል፣ ጫማችንን ከምድጃው አጠገብ ያደርቁልናል። ሳንጠይቃቸው ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አማቾቻቸው ያወሩናል። ከተማ ያደግሁት እኔ ያን ሁሉ ስሰማ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቅጾቼ ንጹሕ ነበሩ። ስርዝ ድልዝ የለባቸውም፣ ባዶ ቦታም የለባቸውም። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር በየሳምንቱ ሲሰበስበን የኔን አንሥቶ ለሌሎቹ ያሳያል። ያን ጊዜ ከዚያ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም።

ዶክተሩ አጥብቆ የነገረን ሁለት ሕግ ነበር። አንደኛው ከእናትየዋ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ጠይቁ የሚል ነው። ሁለተኛው የመጨረሻዋን ጥያቄ «አዎ» ያለች ሴት ካለች፣ በዚያው ቀን ልጇን ይዛ በመኪናው ወደ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ እሱ ራሱ መጥቶ እስኪያያትም አብረናት እንቆያለን የሚል ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ከጠየቅኋቸው ሴቶች አዎ ያለች አልነበረችም።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀበሌው ራቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ አንድ ቤት ገባሁ። የቄስ ገብረየስ ቤት ነው። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቤት ውስጥ ሚስታቸው አስካለና እናታቸው እማማ የሺ ነበሩ። አስካለ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንድ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ክርስትና አስነሥታዋለች። መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልጁ አጠገቧ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ልጁ ሲተኛም አልተኛም።»

«ምግብስ?»

እማማ የሺ ቀደሟት። «የሠራሁላትን ገንፎ ለድመቱ ነው የምትሰጠው። ይኼው እንደምታያት ሆናለች።» በቁጣ ሳይሆን በጭንቀት ነው የተናገሩት። ትንሽ ቆይተው ቆሎ ላምጣልሽ ብለው ወደ ጓሮው ቤት ወጡ። ስለዚህ ብቻችንን ነበርን። ሕጉ እንደሚለው ብቻችንን ነበርን።

የመኪናው ጡሩንባ ከታች ከመንገዱ ተሰማ። ጓደኞቼ ጨርሰው መድረሳቸው ነው። በዚያ ቀን ሾፌሩ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ሊያደርሰን ተስማምተን ነበር፤ ጉሙ ሳይዘጋው መነሣት አለብን። እናቴ እዚያ ጾሙን ለመፍታት ትጠብቀኛለች። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። አነበብኩላት።

አስካለ ልጁን አየችው፣ ከዚያ በሩን አየች።

«ይኼን የምትጠይቁት ሰዉን ሁሉ ነው ወይስ እኔን አይታችሁ ነው?»

«ሰዉን ሁሉ ነው።»

«ሌሎቹ ምን ይላሉ?»

«የለም ይላሉ።»

የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዎ ያለች እንደሁ ምን ታደርጓታላችሁ?» አለችኝ።

ገብቶኝ ነበር። ሳይገባኝ ቀርቶ ነው ብዬ ራሴን ላታልል የሞከርኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግን ገብቶኝ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይጠይቅም። ጡሩንባው ደግሞ ጮኸ። አዎ ብላ ብትመልስ እሷንና ልጁን ይዤ ጎረቤላ መውረድ፣ ዶክተሩን ማስጠራት፣ እዚያው ማደር ሊኖርብኝ ነው። ጓደኞቼም በእኔ ምክንያት ሊቀሩ ነው።

«አይዞሽ» አልኳት። «የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሁሉም እንዲህ ይደክማታል። የለም ብዬ ልሙላው?»

ለአፍታ ትክ ብላ አየችኝ። «እንዳልሽ» አለች።

ሞላሁት። ስነሣ፣ «ከሦስት ወር በኋላ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ሰፋ አድርገን እናወራለን» አልኳት።

«ትመለሻለሽ?»

«እመለሳለሁ።»

እማማ የሺ በር ላይ አግኝተውኝ ቆሎውን በሁለት እጄ አፈሱልኝ። ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። መኪናው ውስጥ ቆሎውን ተካፈልን፣ እየተሳሳቅን ሄድን። በማግስቱ እናቴ ቤት ዶሮ በላሁ፤ በደንብ በላሁ። በሳምንቱ ውስጥ የአስካለ ነገር ሁለት ጊዜ ትዝ ብሎኛል። ለዶክተሩ ልንገረው ብዬ ነበር። ግን የምነግረው እንዴት ብዬ ነው? ያንን ንጹሕ ቅጽ በገዛ እጄ ሰርዤ? እሷው የለም ብላለች አልኩና ተውኩት።

ኅዳር ላይ ሁለተኛው ዙር ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ ከአፋፉ ላይ የአፋር በረሃ ይታያል፤ ገብሱ ታጭዷል፣ በየአውድማው ጭድ ይበናል። ወደዚያ ቤት ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄ ተመልሼ መምጣቴ ነው። እማማ የሺ ልጁን አዝለው ደጅ ባቄላ ያሰጣሉ።

«አስካለ የለችም?» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ባቄላቸውን መዘርጋት ጀመሩ። «መስከረም ላይ ቀበርናት። ገደል ገብታ።»

የያዝኩትን ማኅደር ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ውሃ ልትቀዳ ሄዳ አዳለጣት ነው ያልነው ለሰው» አሉ። ቆይተውም፣ በጣም በቀስታ፣ «እንስራዋ ግን እቤት ነበረች» አሉኝ። ልጁ ከጀርባቸው ላይ ያየኛል። «ያቺ የጤና ልጅ ትመለሳለች ብላለች እያለች መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። ምን ልትነግርሽ ኖሯል?»

«አላውቅም እማማ» አልኩ።

ቅጹ ላይ «ሞታለች» የሚል ሳጥን አለ። እዚያው ቆሜ ምልክት አደረግሁ።

ሥራው ሲያልቅ ደብረ ብርሃን ላይ ስብሰባ ተደረገ። ዶክተሩ የአስካለን የመጀመሪያ ቅጽ ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ የእውነት ሐዘን ነበር። «ይቺ እናት ከመሞቷ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተጠይቃ የለም ብላለች» አለ። «የዚህ አካባቢ እናቶች ይደብቃሉ ማለት ነው። ጥያቄያችን አይደርስባቸውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያነጋገርሻት። ምን ይመስልሻል፣ ደብቃ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዛሬም ድረስ እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

«ይመስለኛል» አልኩ።

ያቺ ቃል በሪፖርቱ ገባች። ከዚያ በኋላ በተለያየ ሥልጠና ላይ፣ እኔን በማያውቁኝ ሰዎች አፍ፣ የዚያ አገር እናቶች ይደብቃሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ነርስ በሆንኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያቺን ጥያቄ አንዲት እናት ላይ ዘልዬ አላውቅም፤ አዎ ካሉኝ ሴቶች ጋር ስንት ቀን ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ትጉህ ናት ይለኛል። እኔ ግን ሥራዬን በተመሰገንኩ ቁጥር የማየው አስካለን ነው፤ «እንዳልሽ» ስትለኝ።

ከሻይ በኋላ ተመለስኩና ይህን ሁሉ ለስድስቱ ልጆች ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ ሃና ዓይኗ ቀልቶ፣ «ለቤተሰቡ ነግረዋቸዋል፣ ሲስተር?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ባትጠይቀኝም በሚቀጥለው ቅዳሜ በሚኒባስ ጎረቤላ ሄድኩ።

እማማ የሺ ከሞቱ ቆይተዋል። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባምና ቄስ ገብረየስ ልጁን አሳድገው መንኩሰዋል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ከዚያ ቆሜ፣ ምንም ሳላስቀር፣ ጡሩንባውንም፣ የእናቴን ዶሮም፣ ስብሰባውንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«አዎ ያለች እንደሁ ምን ታደርጓታላችሁ አለችሽ?»

«አዎ አባ።»

«በዚች ቃል?»

«በዚች ቃል።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ ተቀይሜያት ነው የኖርኩት» አሉ። «አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ለማንም ሳትናገር ሄደች ብዬ። ልጁንም እናትህ ሆዷን ለሰው የማትከፍት ነበረች እያልኩ ነው ያሳደግሁት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ተናግራ ነበር ማለት ነው።»

«ተናግራ ነበር አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። አላሉኝም። ቀስ ብለው ተነሡና፣ «ልጁ ደነባ ከተማ አስተማሪ ነው» አሉኝ። «አንቺው ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።» ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ።

ወደ ደነባ ደውዬለት ነገ ልንገናኝ ተቃጥረናል። ስለ እናትህ ነው ስለው እሺ አለኝ። በዚያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይዣት ብወርድ አስካለ ትድን ነበር ወይ ብዬ ብዙ ሐኪም በዘወርዋራ ጠይቄያለሁ። እርግጡን የሚነግረኝ የለም፤ እያደረም እርግጠኛ ልሆን የምችልበት ነገር እንዳልሆነ ተቀብያለሁ። እርግጠኛ የሆንኩበት ግን አለ። ይህች ሴት የቻለችውን ያህል አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘግቼ የደበቀች ያሰኘኋት እኔ ነኝ። በዚያ ስም ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለባሏም፣ ለልጇም፣ በዶክተሮቹ ወረቀት ላይም። ልጇ ሊሰድበኝ ይችላል፣ ተነሥቶ ሊሄድም ይችላል፤ ሁሉም ይገባኛል። ከመሄዱ በፊት ግን እናቱ እርዳታ ጠይቃ እንደነበር፣ የጠየቀችውም እኔን እንደነበር ይሰማል።