ክሬም የሞሉት አይቆይም

ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ስጠግን ኖሬ፣ ጡረታ የወጣሁት ወደ ኬክ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የሚያስቅ ነገር የለውም። ጎሚስታ ቤቴ ዊንጌት መንገድ ዳር ነበር፤ ወገቤ ጎማ አላነሳም ሲል ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ቤት ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ኦቨን ነበር።

ኦቨኑን የገዛችው ባለቤቴ ናት፣ እቁብ የደረሳት ጊዜ። እንደ ሰፈሩ ኦቨን ሁሉ ድስት ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። ከአራት ዓመት በፊት እሷ ስታርፍ ድስቶቹ እንደተደረደሩ ነበሩ። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ድስቶቹን አወጣሁና ሶኬቱን ሰካሁት። ሠራ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሠራ ኦቨን ቤታችን እንደነበረ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ሹን ያሳየችኝ ልጄ ናት፣ በስልኳ። ፈረንሳዮች የሚሠሩት፣ የሕፃን ቡጢ የሚያህል፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚነፋ ነገር ነው። ባዶው ውስጥ ከእንቁላልና ከወተት የተሠራ ክሬም ይሞላበታል። ሹ በፈረንሳይኛ ጎመን ማለት ነው አለችኝ። ከጎመን ጋር የሚያገናኘውን እስካሁን አላገኘሁም። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። እርሾ የለውም፣ ቤኪንግ ፓውደር የለውም፤ የሚነፋው በገዛ እንፋሎቱ ነው። ተነፍቶ ከወጣ በኋላ ሥሩን በስተው እንፋሎቱን ካላስወጡለት ደግሞ መልሶ ይሟሽሻል። ዕድሜ ልኬን ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ እንዲበሳ የሚፈልግ ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው ይላሉ፤ የሚሉት ያልሠሩት ናቸው። ውኃ፣ የገበታ ቅቤና ቁንጥር ጨው ይፈላል። ዱቄቱ በአንዴ ይገለበጥበታል፤ ሊጡ የድስቱን ግድግዳ እስኪለቅ እሳት ላይ ይማሰላል። ትንሽ ሲበርድ እንቁላል አንድ በአንድ እየተጨመረ ክንድ እስኪዝል ይመታል። የፌስታል ጥግ ቆርጬ በዚያ ነው ትሪው ላይ የማወርደው። ከዚያ ዋናው ሕግ ይመጣል፦ ኦቨኑ አይከፈትም። ጎሚስታ ደግሞ ሥራው መሃል ላይ እየነካካ ማየት ልማዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ጊዜያት ከፍቼ አየሁ። አራቱንም ጊዜ ዓይኔ እያየ ተነፈሱ። በአምስተኛው ልጄ ኦቨኑ ፊት ወንበር አድርጋ ተቀመጠችበትና ሳትነሳ መጽሐፏን አነበበች። እኩል ተነፉ።

ክሬሙን የምሞላው በትልቅ ሲሪንጅ ነው፣ መርፌ የሌለው። ከባለቤቴ ሕመም የተረፈ ነው። ምግብ በቱቦ ይሰጣት ስለነበር ገና ያልተከፈቱ ስድስት ቀርተው ነበር። ለመጣል እጄ አልታዘዘኝም፣ ለማስቀመጥም ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ሥራ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው። ባዶ ሹ ቆርቆሮ ውስጥ ከተከደነ ሁለት ቀን ይቆያል። ክሬም የሞሉት ግን አይቆይም፤ አንድ ሰዓት ካለፈው ቅርፊቱ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ሹ የተነፈሰ ጎማ ነው። ሰዓቱ ያለፈበትን ሁሉ ለጊቢው ውሻ እሰጥ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ እስቲ አንዴ ቅመሰው» ትለኛለች። አልቀምስም። የተበላሸ ነገር አይቀመስም። ውሻው ወፈረ።

ልጄ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። የልጅቷ አባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ወዲያው እሺ ያለ እንደሆነ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። እኔን አማቴ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል፤ በሦስተኛው ደጅ ስጠብቅ ዝናብ እየደበደበኝ ነበር። እኔም ለእነዚያ ሽማግሌዎች አንድ ቀጠሮ ሰጠሁ። መጡ፣ ሌላ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀሩ። «ቁም ነገረኞች ቢሆኑ ይመጡ ነበር» አልኩ። ልጄ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ያኔ አልጋ ላይ ነበረች።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው መጣ። ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሲያወራ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ይህን ያህል ነቀፋ ፈልጌ ያጣሁበት ሰው የለም። ቤቱ ግን ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከጉለሌ ሦስት ታክሲ ያስይዛል። እሷ ከሄደች እዚህ የምንቀረው እኔና ኦቨኑ ነን። ለማንም አልነገርኩም እንጂ በጣም ፈራሁ።

አልከለክልም ብዬ ወሰንኩ። ክፉ አባት አይደለሁም። ቀጠሮ ብቻ እሰጣለሁ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ሁለት ሳምንት ስል ኅዳር ይገባል፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ስል የነቢያት ጾም ይገባል፣ በጾም ሠርግ የለም። ከጥምቀት በኋላ ጥቂት ሳምንት ብትኖር ነው፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም አለ። የእኛ የዘመን አቆጣጠር መዘግየት ለሚፈልግ ሰው ምቹ ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ አሥር ሰዓት እንደሚመጡ ሲነገረን ልጄ ሹ እንድሠራ ጠየቀችኝ።

«አይበሉም እኮ» አልኳት። «ቀጠሮ ተቀብለው ነው የሚሄዱት።»

«እነሱ ባይበሉ እኛ እንበላዋለን» አለች። «ደግሞ ሥጋ የለበትም፣ መጠጥ የለበትም፤ ማንም ሰው ይበላዋል።»

ማንም ሰው ያለችው ማንን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ሥራ ስላዘዘችኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሠላሳ ስድስት ሹ ጋገርኩ፣ ክሬሙንም ሠርቼ አበረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እኩል ተነፍተውልኝ አያውቁም። ክሬሙን ለብቻው አድርጌ ኩሽና አስቀመጥኩና «እንዳትሞያቸው» አልኳት። «እሺ አባዬ» አለች።

በአሥር ሰዓት «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበር መጣ። «ቤት ለእንግዳ» ብዬ ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው። የፊተኛው የልጁ የንስሐ አባት፣ ከቁስቋም የመጡ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው የልጁ አጎት ነው። ሦስተኛውን ሳይ ጉድ እንደተሠራሁ ገባኝ። ጎረቤቴ ሐጂ ነው፤ ግድግዳ የምንጋራ ባለሱቅ፣ ለእያንዳንዷ ሹ እንቁላል የሸጠልኝ ሰው። ልጁ ብልጥ ነው፤ ፊት የማልነሳውን ሰው መርጦ ላከብኝ። ሃያ አምስት ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረው ሐጂ ኮት ለብሶ «እንደምን ዋሉ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።

ቄሱ ንግግራቸውን የጀመሩት ከአብርሃም ነው። አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲፈልግ ሎሌውን ላከ፣ ሎሌው አሥር ግመሎች ይዞ ተነሣ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው፤ አይቸኩሉም። እኔ መልሴን በልቤ እያጠናሁ ነው፦ ዘመድ ላማክር፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ። ግመሎቹ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ሲንበረከኩ የኩሽናው በር ተከፈተና ልጄ ትልቁን ትሪ ይዛ ገባች።

ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ አትወጣም። ወጣች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ተመልሳ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሠላሳ ስድስቱም ዱቄት ስኳር ተነስንሶባቸዋል። አንዱ ጋደል ብሎ ስለነበር ሥሩ ታየኝ፤ ቀዳዳዋ አፍ ድረስ ክሬም ሞልቷታል።

ሞልታቸዋለች። ሁሉንም።

ቄሱ ቀጠሉ። ርብቃ እንስራዋን ተሸክማ ከሩቅ ትታያለች። እኔ የማየው ትሪውን ነው። ጎማ እየተነፈሰ መሆኑን ማንም ሳያይ የማየው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነበር። በስተግራ ያለችው የመጀመሪያዋ ሹ ትከሻዋ ወረድ ማለት ጀመረ።

ሐጂ ዓይኔን ተከትሎ ትሪውን አየ። «ይቅርታ አባ» ብሎ ቄሱን አቋረጣቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እርስዎ ማለቱን ረሳው። «ይሄ ነገር ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ተሞልቷል» አልኩት። «አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው።»

ሐጂ ነጋዴ ነው፤ የሚበላሽ ዕቃ ምን እንደሆነ ያውቃል። «አባ» አለ፣ «ግመሎቹን ቶሎ እናጠጣቸውና ወደ ጉዳያችን እንለፍ።»

ቄሱ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ቢሆንም ጨዋ ናቸው፤ ርብቃን እንስራዋን እንደተሸከመች ትተዋት «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ብለው ጨረሱ።

ሦስቱም እኔን አዩ። «ዘመድ ላማክር» ለማለት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ከኩሽናው በር ሥር ጥላ አየሁ። ልጄ በሩ ጀርባ ቆማለች። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ይህች ልጅ «ይህን እፈልጋለሁ» ብላኝ አታውቅም። በአፏ ያላለችውን ዛሬ በትሪ አመጣችልኝ።

«ሰጥቻችኋለሁ» አልኩ። «ተቀመጡና ብሉ።»

ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

አጎትየው ግራ ተጋባ። «ዛሬ?» አለ።

«ዛሬ።»

«ቀጠሮ አይሰጡንም?»

«አልሰጥም።»

«እኛ እኮ ሌላ ጊዜ ልንመለስ ተዘጋጅተን ነው…» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ቁጭ አለ። እልል የምትል ሴት ሳሎን ውስጥ ስላልነበረች ሐጂ አጨበጨበ።

ሳህን አደልኩ። ቄሱ ሳህናቸውን ወደፊት ገፋ አደረጉና «ይቅርታ ልጄ፣ ጽጌን እጾማለሁ። ይሄ ወተት ወይም እንቁላል ይኖረዋል?» አሉኝ። ከወተትና ከእንቁላል ሌላ ብዙም ነገር የለውም አልኳቸው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ እኛ ቤት አንይዘውም፤ ሙሉ በሙሉ ረስቼዋለሁ። አጎትየው አንዷን አንስቶ አየት አየት አደረጋትና መለሳት፤ ስኳር በሽታ አለበት። ማንም ሰው የሚበላውን ምግብ ለማትረፍ ብዬ ልጄን ሰጥቼ፣ ከሦስቱ የበላው ሐጂ ብቻ ነው። ሰባት በላ። ሲወጣ እጄን ጨብጦ «እንቁላሉ ጥሩ ነው» አለኝ።

ከምሽቱ በአንድ ሰዓት እኔና ልጄ ሃያ ዘጠኝ ሹ ፊት ተቀምጠናል።

«እንዳትሞያቸው ብዬሽ ነበር» አልኳት።

«አዎ።»

«ሁለት ሳምንት እኮ ነው ልል የነበረው። ማንም የሚጠብቀው ነው። የፊተኞቹ ቁም ነገረኞች ስላልነበሩ ነው እንጂ…»

«የፊተኞቹን አትመለሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ሁለተኛውን ቀጠሮ ስትሰጥ በበሩ ስንጥቅ ፊትህን አየሁት አባዬ። እማዬ ተኝታለች፣ አንተ ደግሞ እንደዚያ ፈርተሃል። ትቻችሁ መሄድ አልቻልኩም። ለሰውየው ደውዬ ይብቃ አልኩት።» ትሪውን ጥግና ጥጉን ይዛ አስተካከለችው። «ዛሬም ቀጠሮ ብትሰጥ ኖሮ ያንኑ ነበር የማደርገው። ራሴን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የሞላኋቸው።»

አምስት ዓመት ሙሉ ያን ሰውዬ ቁም ነገር የለውም ስል ኖሬያለሁ። ጎሚስታ ቤት ለሚመጣ ደንበኛ ሳይቀር አውርቼበታለሁ። አለቀስኩ። ልጄ ከዚህ በፊት ሳለቅስ ያየችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው። «እስቲ አንዴ ቅመሰው።»

ከተሞሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኗቸዋል። አንዷን አነሳሁ፤ ጣቴ ሰመጠባት። ነከስኩ። ክሬሙ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ሁሉም አንድ ሆኗል፣ አፍ ውስጥ ሳይታኘክ ይሄዳል። አራት ዓመት ለውሻው ስሰጥ የኖርኩት ይህን ነበር።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ይበላል» አልኩና ሌላ አነሳሁ።